በዶላር የተገዛ ኪራይ፤ የማይፈታው ላፕቶፕ ጉዳይ

መገናኛ ወይም ቦሌ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በአንዱ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው የሚከተለውን ሳያይ አይወጣም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፕ ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለች። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ያምራል። የላከችላት ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህቷ ናት። ሁለት ዓመት በደንብ ሠርቷል። አሁን ግን የዲዛይን ፕሮግራም ስትከፍትበት ቀጥ ይላል።

"ወንድሜ፣ ራም ጨምርልኝ" ትላለች።

ጠጋኙ ገልብጦ ሞዴሉን ያነባል፤ ካቻቢቴውን እንኳ አያነሳም። "እህቴ፣ የዚህ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። አይጨመርም።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ሸጠሽ ሌላ መግዛት ነው።"

ሸጦ ሌላ መግዛት። ምክሩ ሦስት ቃል ነው፤ በውስጡ ግን አንዲት እህት በባዕድ አገር የሰው ልብስ ስትተኩስ የከረመችበት የወራት ደመወዝ አለ። ማሽኑ እኮ አልተሰበረም። ስክሪኑ ደህና ነው፣ ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፣ ኪቦርዱም ደህና ነው። የጎደለችው በሁለት ጣት የምትያዝ አንዲት ራም ናት። እሷን መጨመር ያልተቻለው ጠጋኙ ሙያ ስላነሰው ወይም ዕቃው ከገበያ ስለጠፋ አይደለም። ፋብሪካው ገና ሲሠራው እንዳይጨመር አድርጎ ስለዘጋው ነው።

ክርክሩ አጭር ነው። ባለቤቱ ሊፈታው፣ ሊጠግነውና ሊያሳድገው የማይችል ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ አልተሸጠለትም። ደካማው ዕቃ እስኪሞት ድረስ ተከራይቶታል፤ ኪራዩንም በዶላር ይከፍላል። የውጭ ምንዛሪ እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ በሚሰጥበት አገር ይህ የቴክኖሎጂ ወዳጆች የሻይ ሰዓት ወግ ሆኖ መቅረት የለበትም። የኪስም የአገርም ጥያቄ ነው።

ላፕቶፕ ሁለመናው አብሮ አያረጅም

አንድ ላፕቶፕ የብዙ ዕቃዎች ስብስብ ነው፤ የዕቃዎቹ ዕድሜ ደግሞ እኩል አይደለም። ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ በተሞላና በተራገፈ ቁጥር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። መብራት ሳይነገር በሚጠፋበት ከተማ ባትሪው ከሞተ ሥራውም አብሮ ይሞታል። ቀጥሎ ፋኑ በአቧራ ይታፈናል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ማቀዝቀዣ ፔስት ይደርቃል። የቻርጀር መሰኪያው ይላላል። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ይደፋል። ኤስኤስዲም ቢሆን የሚጻፍበት መጠን ገደብ ስላለው አንድ ቀን ያልቃል። ራም ብዙውን ጊዜ አይበላሽም፤ ግን ያንሳል። ፕሮግራሞች በየዓመቱ እየከበዱ ስለሚሄዱ ትናንት ያንበሸበሸው 8 ጊጋ ዛሬ ያፍናል።

ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ቀፎው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ይቆያሉ። ስለዚህ በሚፈታ ማሽን ላይ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። ማሽኑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ የጀርባው ብሎኖች ይፈታሉ፣ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ገመድ ይላቀቃል። ራሙን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ማቀፊያዎች ወደ ጎን ገፋ ሲደረጉ ራሱ ብድግ ይላል፤ አዲሱ ሰያፍ ገብቶ ወደ ታች ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። ኤስኤስዲው በአንዲት ብሎን ነው የሚያዘው። ልምድ ላለው ሰው ሁሉም ነገር ቡና ተፈልቶ ሳይወርድ ያልቃል። በዝግመቱ የተሰለቸ አሮጌ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካለት ነፍስ ሲዘራ ያየ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም።

አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ ወጣቶች እንጀራ የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ሙያውን የተማሩት በአብዛኛው እርስ በርሳቸው ነው፤ መሣሪያቸው የካቻቢቴ ሳጥን፣ ሙቅ አየር የሚተፋ ማሽንና ትዕግሥት ነው። ሙጫና ብየዳ የሚነጥቀው የእነሱን እጅ ጭምር ነው።

መዝጊያው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2008 ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን ማክቡክ ኤር ከወረቀት ፖስታ ውስጥ መዝዞ ሲያሳይ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የዚያ ቀጭን ማሽን ራም 2 ጊጋ ነበር፤ እሱም ቦርዱ ላይ ተበይዶ። እ.ኤ.አ. በ2009 አፕል በተለመደ ካቻቢቴ የማይፈታ ባለ አምስት ቅጠል ብሎን ላፕቶፑ ውስጥ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ማክቡክ ፕሮ ሬቲና ደግሞ ራሙ ተበይዶ፣ ባትሪው በሙጫ ተለጥፎ ወጣ። ሌሎቹም ፋብሪካዎች ቀጭንነትን እየተፎካከሩ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ሰርፌስ ላፕቶፕ ሲያወጣ፣ ዕቃ እየፈታ ነጥብ የሚሰጠው አይፊክስኢት ከ10 ዜሮ ሰጠው። ሳይበላሽ የሚከፈትበት መንገድ አልነበረውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የማስታወቂያው ቋንቋ አልተለወጠም። በቴሌግራም የላፕቶፕ መሸጫ ቻናሎች ላይ የሚነበበው ዛሬም ያው ነው፦ "ኮር አይ ፋይቭ፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ ስላይትሊ ዩዝድ።" በዚህች መስመር ሥር ሦስት ማሽኖች ሊቀመጡ ይችላሉ፦ ዴል ኤክስፒኤስ 13 ሞዴል 9370፣ ዴል ላቲቲዩድ 5490 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480። ሦስቱም የ2018 ዘመን ናቸው፤ ሦስቱም 8ኛ ጀነሬሽን ናቸው። በሁለቱ፣ በላቲቲዩዱና በቲንክፓዱ ውስጥ፣ ሁለት የራም ስሎት አለ፤ 8 ጊጋ ሆኖ የተገዛው ወደ 32 ጊጋ ያድጋል። ቲንክፓዱማ አንዱ ባትሪው ከውጭ፣ ያለ ምንም ካቻቢቴ ይወጣል። ኤክስፒኤሱ ግን ኤስኤስዲው ቢቀየርም ራሙ ተበይዷል፤ በ8 ጊጋ የተወለደ በ8 ጊጋ ይሞታል።

ገዢው ፊት የተቀመጡት ቁጥሮች አንድ ናቸው፤ የተገዛው ዕድሜ ግን ለየቅል ነው። ቀጭኑ ደግሞ ስለሚያምር ብዙ ጊዜ ዋጋው ይበልጣል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ታሪክ ማለት ይህ ነው።

የፋብሪካዎቹ መከራከሪያ

ፋብሪካዎቹ መልስ የላቸውም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ራም ለፕሮሰሰሩ በቀረበ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የሚበላው ኃይልም ይቀንሳል፤ ይህ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በኤም1 እና በተከታዮቹ፣ ኢንቴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ሉናር ሌክ ባለው ፕሮሰሰሩ ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ጥቅል አስቀምጠውታል፤ የባትሪ ቆይታቸውም በእርግጥ የሚያስመሰግን ነው። ስሙን የገነባው በሚፈታ ላፕቶፕ የሆነው ፍሬምወርክ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዴስክቶፕ ላይ ራሙን ለመበየድ ተገዷል፤ የመረጠው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በተነቃይ ራም የሚፈለገውን ፍጥነት ሊያገኝ አልቻለምና።

ይህ እውነት ነው። ግን የሚያስረዳው ራሙን ብቻ ነው። ባትሪን በሙጫ መለጠፍ ኮምፒውተር አያፈጥንም። ኤስኤስዲ ቦርድ ላይ መበየድ የተማሪዋን ፋይል ከቦርዱ ጋር አብሮ ይቀብረዋል እንጂ ለእሷ የሚጨምርላት ነገር የለም። መለዋወጫ ለጠጋኝ አለመሸጥ ደግሞ ከፊዚክስ ጋር ዝምድና የለውም። ለራሙም ቢሆን መላ እየመጣ ነው፦ ኤልፒካም2 የተባለው ተነቃይ ራም ፈጣኑንና ኃይል ቆጣቢውን ዓይነት በብሎን የሚታሰር አድርጎታል፤ ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2024 ቲንክፓድ ፒ1 ላይ ገጥሞ ሸጦታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያደረጉት ነው። በ2017 ዜሮ ያገኘው የሰርፌስ ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሰባተኛ ትውልዱ ከ10 ስምንት አግኝቷል። ቲንክፓድም እ.ኤ.አ. በ2019 በቲ490 ከሁለቱ የራም ስሎቶች አንዱን ዘግቶ ነበር፤ በ2024 በወጣው ቲ14 አምስተኛ ትውልድ ሁለቱንም መልሶ ዘጠኝ ነጥብ አገኘ። እነዚያው ኩባንያዎች፣ በዚያው ስም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዝግ ወደ ክፍት ተመለሱ። በመሃል የተፈጥሮ ሕግ አልተለወጠም። የተለወጠው የገዢና የሕግ አውጪ ግፊት ነው።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ላፕቶፕን ጨምሮ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ከ10 የሚሰጥ የተጠጋኝነት ነጥብ ከዋጋው አጠገብ እንዲለጠፍ አስገደደች። የካሊፎርኒያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጡ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና መመሪያ ለሰባት ዓመት እንዲቀርብ አዘዘ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃ ውስጥ ያለ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ የሚተካው እንዲሆን ወስኗል። ሀብታሞቹ አገሮች፣ ሸጦ ሌላ መግዛት የማይቸግራቸው፣ "ይፈታል?" ብለው ጠየቁ። ድሃው ሳይጠይቅ ይገዛል።

አዲስ አበባ ለምን ይመለከታታል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር አለፈ። የደመወዝተኛው ገቢ በዚያ ልክ አልዘለለም። በዚያው ወር "አምስት ሚሊዮን ኮደሮች" የተባለው ሥልጠና በይፋ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ላፕቶፕ ዋጋው እየራቀ፣ አስፈላጊነቱ እየቀረበ መጣ ማለት ነው። በዚህ መሃል ያለን ማሽን ሦስት ዓመት ማቆየት አዲስ ከመግዛት እኩል ዋጋ አለው።

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ ሲቋረጥ ብዙ ማሽን በአንድ ቀን አረጀ ተባለ። ከላይ የተጠቀሱት ባለ 8ኛ ጀነሬሽኖቹ ግን ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ይችላሉ፤ እንዲመቻቸው የሚያስፈልጋቸው ትንሽ ራምና ደህና ኤስኤስዲ ነው። ለሚፈታው ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለተበየደው ፍርዱ ያው "ሸጠሽ ሌላ መግዛት ነው" ይሆናል።

የዓለም ገበያም ትምህርቱን ሰጥቷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የራም ምርቱን እየጠቀለሉ ስለወሰዱ እ.ኤ.አ. በ2025 የራም ዋጋ ናረ። ማይክሮን በኅዳር 2018 ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ገዢ ይሸጥ የነበረውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታወቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሞተ ላፕቶፕ የወጣች አንዲት 8 ጊጋ ራም ትልቅ ሀብት ናት። ቦርዱ የተቃጠለበት ማሽን ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ስክሪኑን ለሌላው አውርሶ ይሞታል። የተበየደው ግን ሁሉንም ይዞ ይቀበራል።

የፋይል ጉዳይም አለ። ኤስኤስዲው የሚወጣ ማሽን ያለው ጠበቃ፣ ሐኪም ወይም ጋዜጠኛ ላፕቶፑን ለጥገና ሲሰጥ የሰውን ምስጢር አውጥቶ ኪሱ ይከታል። የተበየደበት ሰው ምስጢሩን ከማሽኑ ጋር ያስረክባል።

መንግሥት አያገባውም?

ከአገሪቱ ትልልቅ የኮምፒውተር ገዢዎች አንዱ መንግሥት ራሱ ነው። ሚኒስቴሩ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ባንኩ፣ ክፍለ ከተማው በጨረታ ይገዛል። የተለመደው የጨረታ ዝርዝር ከቴሌግራም ማስታወቂያው ብዙም አይለይም፦ ፕሮሰሰር ይህን ያህል፣ ራም ይህን ያህል፣ ስክሪን ይህን ያህል። በዚያ ዝርዝር ላይ አራት አጫጭር መስመሮች ቢጨመሩ የአገር ገንዘብ ይድናል፦ ቢያንስ አንድ ባዶ የራም ስሎት፣ የሚነቀል ኤስኤስዲ፣ በብሎን የታሰረ ባትሪ፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ ለአምስት ዓመት እንደሚቀርብ በውል የታሰረ ግዴታ። ሞዴሉ በገበያው አለ፤ ተጫራችም አይጠፋም።

"መንግሥት የዕቃ ዓይነት መምረጥ የለበትም" የሚል ካለ ጥር 2016ን ያስታውስ። በዚያ ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ ዋናው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው። ለመኪና ይህን ያህል የተደፈረ መንግሥት ለራሱ ቢሮ በሚገዛው ላፕቶፕ ላይ አራት መስመር መጻፍ ከብዶት ሊሆን አይችልም። ክልከላ አይደለም፣ ቀረጥ አይደለም፤ የገዛ ገንዘቡን ሲያወጣ ጠይቆ መግዛት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ዛሬ በመቶ ተቆጥረው የተገዙ ዝግ ላፕቶፖች ከአራት ዓመት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ተደርድረው የሚታዩ የአገልግሎት ዘመናቸው ያለቀ ንብረቶች ናቸው።

"ድሃ አይመርጥም" የሚለውስ?

ነጋዴው "ከዱባይና ከአሜሪካ የመጣውን ነው የምንሸጠው፤ ድሃ ምን ይመርጣል?" ይላል። የሚገርመው ምርጫው ያለው እዚሁ ዩዝድ ገበያ ውስጥ መሆኑ ነው። የውጭ ኩባንያዎች በየጊዜው የሚያወጧቸው የቢሮ ላፕቶፖች በብዛት ወፍራም ቢጤ፣ የሚፈቱ፣ መለዋወጫቸው የሞላ ናቸው። አስመጪው የሚጭነው የተጠየቀውን ነው። ገዢው "ስንት ኪሎ ነው?" ሲል ቀጭን ይመጣል፤ "ስንት ስሎት አለው?" ሲል ስሎት ያለው ይመጣል። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ ዕቃ ሊልክ ሲል ከቀለሙ በፊት ሞዴሉን ልኮ ቢያስጠይቅ ግማሹ ጣጣ እዚያው ያልቃል።

ሌላው ወቀሳ እውነት አለበት። "የሚፈታ ዕቃ ለሌባ ጠጋኝ ይመቻል፤ ደህናውን ራም አውጥቶ አሮጌ ይገጥማል" ይባላል። የሚያደርግ አለ፤ ለሙያው ነውር ነው። ግን በአንድ ሌባ ምክንያት የሁሉም በር በሙጫ አይለጠፍም። የራሙንና የኤስኤስዲውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስቶ መስጠት፣ ደረሰኝ ላይ ማስጻፍ፣ ሲቻልም ቆሞ ማስፈታት ይበቃል። ጠጋኞቹም ማኅበር ቢያቋቁሙና ዋስትና ቢሰጡ ቀድመው የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው።

እስከዚያው ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ማሽኑን አስከፍቶ ሁለት ደቂቃ ይውሰድ። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ውስጥ፣ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር ሜሞሪን ሲጫን ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግረዋል። ፎርም ፋክተር ከሚለው ፊት "ሶዲም" ካለ ብዙውን ጊዜ የሚነቀል ነው፤ "ሮው ኦፍ ቺፕስ" ካለ የተበየደ ነው። ከዚያ ሻጩን ይጠይቅ፦ ባትሪው በብሎን ነው በሙጫ? ኤስኤስዲው ይወጣል? መልሱን የማያውቅ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቅም፤ አውቆ ዝም ያለ ደግሞ ከፋብሪካው ጋር አብሮ ዘግቷል።

ባንኮኒው አጠገብ የቆመችው ተማሪ ላፕቶፗን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ማታ ለእህቷ ደውላ ምን እንደምትል አስባ አልጨረሰችም። "የላክሽልኝ ተበላሸ" እንዳትል አልተበላሸም። "ይሠራል" እንዳትል አይሠራላትም። ይህን ስልክ ያስደወለው የብየዳ ነጥብ ከአንድ ጤፍ አይበልጥም። እህቷ ስትገዛው ሱቁ ውስጥ ቆማ የጠየቀችው ስለ ዋጋው፣ ስለ ቀለሙና ስለ ክብደቱ ነበር። "ይፈታል?" ብላ እንድትጠይቅ የነገራት ሰው አልነበረም።